እጅ የሚያዋኘው ዓሣ

ቁረይሻ፣ ጥር ፬ ቀን

ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናቴ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። እንዴት ከረሙ? ቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዘንድሮ ብርዱ ጠንቷል ሲሉ ሰምቼ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት እሱን ነው። ላሚቱ ወልዳለች ብሎ ይታያል ነግሮኛል፤ ወተቷ ይበርክት። ልጅዎ ሄለን ከነልጆቿ ደህና ናት? የአጥሩን በር አሠራችሁት ወይስ አሁንም በገመድ ነው የምታስሩት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሌሊቱም ይነጋልኛል።

ሁልጊዜ ከእኔ ሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣውን ሌላውን ሰላምታ እዚህ ላይ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ዛሬ አልጻፍኩትም። ረስቼው አይደለም።

እስካሁን ቃሌን የማደርስልዎት በይታያል አፍ ነበር። እናንተ ዘንድ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ከጭነት መኪና ጋር የሚወጣ የሚወርድ የአገራችን ሰው እሱ ብቻ ነው። የዛሬው ቃል ግን በሰው አፍ የሚላክ ስላልሆነ ወረቀት ገዛሁ። ፊደሌን ያውቁታል። ሙሽራ ሆኜ ቤትዎ ስገባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ በጭራሮ እያመለከቱ «ይችን ማን ትያታለሽ?» ይሉኝ ነበር። እርስዎ በመሠረተ ትምህርት ያገኙትን ለእኔ በአማትነት ሳይሆን በእናትነት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ቁራጭ ነው፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ስኳር የተቋጠረበት የተማሪ ደብተር። ስለዚህ ነገሬ ቢቆራረጥ ይታገሡኝ።

ለገና የላኩት ቃል ደርሶኛል። «ጥምቀትን አሳልፌ እመጣለሁ፤ የልጄን ዓይን ሳላይ አልቀበርም፤ መኪና ቢጠፋ በእግሬም ቢሆን እሻገራለሁ» ብለዋል አለኝ ይታያል። እናቴ፣ አይምጡ። መንገዱ እንኳን ለእርስዎ ለጎልማሳም አይሆንም። ግን አይምጡ የምልዎት ስለ መንገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። በአንድ ጊዜ ለማለት አቅም ስለሌለኝ ከዓሣው ልጀምር።

ዓሣ አጥማጅ ሆኛለሁ። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ ሲለወጥ ይታየኛል። ከእኛ ሴቶች መሃል መንጠቆ የያዘች ማን ታውቃለች? እኔም ከዚህ በፊት ዓሣ ያየሁት ገበያ ላይ ብቻ ነበር፤ ያውም አፍንጫዬን ይዤ።

ወንዙ ጓንግ ነው። እዚህ ከድንበሩ ማዶ አትባራ ይሉታል እንጂ ያው የእናንተው ውሃ ነው፤ እርስዎ ልብስ ያጠቡበት ወርዶ ወርዶ በእኔ ፊት ያልፋል። ነሐሴ ላይ ዳር ዳሩን መሄድ ጀመርኩ። ለምን እንደምሄድ ኋላ እመጣበታለሁ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ ደፍራሹን ውሃ አያለሁ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ። ሰዎች ማየት ጀመሩ። ቱርካ የሚባል ሽማግሌ መረብ ጣይ አለ፤ ምላሱ ከመረቡ የባሰ ነው። «ይች ሐበሻ ወይ ሰው ጠፍቶባታል፣ ወይ ራሷ ጠፍታለች» እያለ እኔ እየሰማሁት ለጓደኞቹ ያወራል። አረብኛ የማልሰማ መስሎት ነው። እኔም እንደማልሰማ እሆናለሁ።

በዚያ ጊዜ ልብስ የማጥብላቸው ከካርቱም የተፈናቀሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ኢሀብ ይባላል፤ ካርቱም መድኃኒት ቤት ነበረው። ሚስቱ ዋፋ ናት። ኢሀብ በደህናው ዘመን ሥራው ሲያልቅ ዓባይ ዳር ቆሞ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ለመብል ሳይሆን ለፍቅሩ የሚያጠምድ ሰው ነበረ። ማጥመጃውም ትል አይደለም፣ ሥጋ አይደለም፤ ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራ ትንሽ ዓሣ ነው። ከቤቱ ሲሸሽ የእነዚህን ሣጥን ይዞ ወጣ። ዋፋ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሳትናገር አታሳልፍም። «ሰው ሲሸሽ ወርቅ ይይዛል፣ ወረቀቱን ይይዛል፤ የእኔ ጌታ ወርቄን ከመሳቢያ ትቶ የላስቲክ ዓሣ ታቅፎ ወጣ» ትላለች። እሱ ደግሞ ሳይቆጣ «ወርቅሽን ብይዝ በየኬላው ይወስዱብኝ ነበር፤ ዓሣዬን ግን ሁሉም አይተው መለሱልኝ» ይላታል።

አንድ ቀን ወንዙ ዳር አገኘኝ። «ያ ኡኽቲ፣ ምን ፈልገሽ ነው የምትቆሚው?» አለኝ። እኅቴ ማለቱ ነው። ዓይኔን ከውሃው አላነሣሁም። ደግሞ አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ግን ትርፍ ዘንጉን አምጥቶ በእጄ አስያዘኝና «ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይጠየቃል፤ ዘንግ የያዘን ሰው ማንም አይጠይቀውም» አለኝ። ማጥመድ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ ለመቆሜ ምክንያት እንዲኖረኝ።

ሣጥኑን ሲከፍተው ጣት የሚያካክሉ ዓሣዎች ተደርድረውበታል። እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ናቸው፤ ዓይን ተሥሎላቸዋል፤ ጅራታቸው እንደ ማንኪያ ሰፋ ብሏል። አንዱን መዳፌ ላይ ቢያስቀምጥልኝ ሕያው መስሎኝ ጣልኩት። ሳቀ። «አንቺን ካታለለ ዓሣን አያቅተውም» አለ። መንጠቆው ከአፉ ይገባና በሆዱ አልፎ ጫፉ ከጀርባው ቆዳ ሥር ይደበቃል። እንዲያ ሲሆን ግንድም ድንጋይም አይዘውም፤ ሁሉንም ዳስሶ ያልፋል። ዓሣ ሲነክሰው ብቻ ለስላሳው ገላ ይጨመቅና ጫፉ ይወጣል። ግንባሩ ላይ ትንሽ እርሳስ ብረት አለ፤ ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው።

ያስተማረኝን ልንገርዎ። ትልቁ ዓሣ፣ እዚህ «ዒጅል» የሚሉት፣ ጥጃ ማለታቸው ነው፣ ከኃይለኛው ውሃ መሃል አይቆምም። ኃይለኛውና ጸጥተኛው ውሃ በሚገናኙበት ጠርዝ፣ ከድንጋይ ጀርባ ተጠልሎ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ስለዚህ ከላይ በኩል ወርውረው ውሃው ራሱ እንዲያመጣው መተው ነው። ውሃው ሲደፈርስ ጥቁሩን፣ ሲጠራ ፈዛዛውን ማሰር ነው። ታች ሲደርስ በክሩ በኩል እጅ ያውቀዋል። ትንሽ ማንሣት፣ መልቀቅ፤ ማንሣት፣ መልቀቅ። ዓሣ የሚነክሰው ሲነሣ ሳይሆን ሲወድቅ ነው፤ የደከመ ነገር ሲያይ አያልፍም። እኔ ቸኩዬ ስስበው ኢሀብ ከኋላዬ ሆኖ «በራሓ፣ በራሓ» ይለኛል፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ታዲያ እጄ ደክሞት ባቆም «አየሽ፣ ይህ ዓሣ የራሱ ነፍስ የለውም። የሚያዋኘው እጅሽ ነው። እጅሽ ካቆመ ላስቲክ ነው» አለኝ። ይህን ቃል ያን ቀን እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት።

ከጊዜ በኋላ የወንዙን ወለል ሳላየው አወቅኩት። ድንጋዩ የት እንዳለ፣ አሸዋው የት እንደሚጀምር፣ የወደቀው ግንድ ሥሩን ወደየት እንደዘረጋ በጣቴ ነው የማውቀው። የመጀመሪያውን ዒጅል ያወጣሁ ቀን እንደ ጥጃ ጎተተኝ፤ እየተንሸራተትኩ ጭቃ ላይ ተቀመጥኩ። ቱርካ መረቡን ጥሎ ሮጦ መጣና «ላስቲክ የሚበላ ጅል ዓሣ ይኑር? ነገ ደግሞ የፕላስቲክ ጣሳ አውጪልን» አለ። ዳር ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴን ይዤ። ከዚያ ድምፄን ሰማሁትና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ምን ልፈልግ መጥቼ በምን እየሳቅኩ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ዓሣውን ዶካ ከተማ ላለ የእኛው አገር ሰው፣ ለጀማሉ ነው የምሰጠው። ምግብ ቤት አለው። የእሱ ሥጋ ለእኔ አይሆን፣ የእኔም ለእሱ፤ ዓሣ ግን ባራኪ ስለማያሻው እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሳህን ይበላዋል። «ያለ ጠብ የሚያበላን አንቺ ነሽ» ይለኛል ጀማሉ። እንዲህ ሲያመሰግኑኝ መሬት ትዋጠኝ እላለሁ። በነቢያት ጾምም ዓሣ በልቻለሁ፤ ይፈቀዳል የሚሉም አሉ፣ አይፈቀድም የሚሉም አሉ። እኔን ያሳፈረኝ ግን የጾሙ አይደለም። ጣዕሙ ነው። ጣመኝ፣ እናቴ።

አሁን ወንዙ ዳር ለምን እንደሄድኩ ልጻፍ።

ልጅዎ በነሐሴ ከወንዙ ማዶ ለሰሊጥ አረም ሄዶ ነበር። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ድንገት መጣ። ሌሎቹ በሁለተኛው ቀን ዞረው በድልድይ መጡ፤ እሱ ከእነሱ ጋር አልነበረም። ሁለት ወሬ ነገሩኝ። አንዱ «የመሸበት ሰው ነው፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ ቋጥሮ በመልካው ሲገባ አይቻለሁ» አለ። ሌላው «የለም፣ ዶካ ላይ ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አይቼዋለሁ፤ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ይሆናል» አለ። እኔ ሁለተኛውን ያዝኩ። እርስዎም ቢሆኑ እሱን ይይዙ ነበር። አፌ ለጠየቀኝ ሁሉ «ገዳሪፍ ነው» ይላል፤ እግሬ ግን በየማለዳው ወደ ወንዙ ይወስደኛል። አፌና እግሬ እንዲህ ተለያይተው ከረሙ።

ለመስቀል ይታያል መጣ። «እናትዮዋ ልጄ እንዴት ነው ብለዋል» አለኝ። ቆሜ ነበር፤ ዝም ብል ይገባዋል ብዬ ፈራሁ። «ደህና ነው፤ ገዳሪፍ ሥራ ላይ ነው፤ ሰላም በልልኝ ብሏል» አልኩት። ያ ባዶ ቃል ስለመሰለኝ ደግሞ ጨመርኩበት። «ላሚቱ ከበደች ወይ? ጉልበትሽን ቅቤ አትንፈጊው ብሏል» አልኩ። እሱ እንደዚያ እንደሚል አውቃለሁ፤ ስለማውቅም ነው ያመኑት። እርስዎም መረቁት፤ በሶ ፈጭተው ላኩለት። በሶውን አስቀመጥኩት። አንድ ሳምንት አስቀመጥኩት። ከዚያ ወንዙ ዳር ወስጄ ጨብጬ በላሁት። ከበላሁ በኋላ እጄን ለመታጠብ ወደ ውሃው ጎንበስ ስል እጄን ማስገባት አቃተኝ።

ይታያል ጥቅምት ላይ ደግሞ ሲመጣ ሌላ ሰላምታ ሰጠሁት። አሁን አልተንተባተብኩም። ትንሽ ማንሣት፣ ትንሽ መልቀቅ።

የኢሀብ የላስቲክ ዓሣዎች እያለቁ ሄዱ። ጥርሳም የሆነ ዓሣ አለ፤ ጅራታቸውን እየበጠሰ ይሄዳል። ኢሀብ ቢላ በእሳት አግሎ የተቆረጠውን ከተቆረጠው ጋር ያጣብቃል፤ በመጨረሻ የሚጣበቅም ጠፋ። «ለስላሳ ላስቲክ ብታገኚ እንቀርጽ ነበር» አለኝ። ቤት ገባሁ። ከአልጋው ሥር የልጅዎ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ በዓመት በዓል እየታጠበ የሚጫማው፣ ቡናማው። አወጣሁት። ብዙ ጊዜ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ቆየሁ። ከዚያ በምላጭ ቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም። የሚመለስ ሰው ጫማ አይቆረጥም፤ ይህን ለማወቅ መማር አያሻም። ለእርስዎ «ሰላም ብሏል» እያልኩ በዚያው እጄ ጫማውን ቆረጥኩት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

የጫማው ላስቲክ እንደ ኢሀብ ዓሣዎች አይለሰልስም። ቀጭን አድርጌ ስቆርጠው ይወዛወዛል፤ ነገር ግን መንጠቆውን አይደብቅም፤ ጫፉ ከጀርባው ወጥቶ ይቀራል። ኢሀብ አይቶ «ይህ የነካውን ሁሉ ይይዛል» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ውሃው ሸሸ። ከወደቀው ግንድ ሥር ያለው ጥልቁ ብቻ ቀረ። እዚያ ብዙ ጊዜ ወርውሬያለሁ፤ የኢሀብ ዓሣ ሥሮቹን ዳስሶ ያልፍ ነበር። ያን ቀን በጫማው ወረወርኩ። ያዘ። ድንጋይ ሲይዝ ጠንካራ ነው፤ እንጨት ሲይዝ ይጎትታል፣ ይለቃል፤ ዓሣ ይመታል። ይህ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ስስበው ይመጣል፤ ስለቀው ይመለሳል፤ እንደ ልብስ። ቀስ ብዬ ሳብኩ። ጭቃ የመሰለ ጨርቅ ብቅ አለ፤ ከጥጉም ቀይ ክር። እርስዎ ጋቢ ሲያሠሩ ለሸማኔው ቀይ ክር እየሰጡ «ይችን ከጥጉ አስገባልኝ፤ ልጄ ከሰው ጋቢ እንዳያምታታው» ይሉ እንደነበር ያስታውሳሉ።

ዘንጉን ጣልኩት። ቱርካ መጣ። አየኝ፣ ክሩን አየ። ጀላቢያውን አውልቆ ገባ። ከውሃው ውስጥ ሆኖ «ፊትሽን አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ። ኢሀብና ሌሎቹም መጡ። ከዳር ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ዛሬ የድንጋይ ክምር አለ። ኢሀብ አካፋውን እንደያዘ «የእናንተ ሰዎች ወዴት ነው የሚያዞሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወደ ምሥራቅ» አልኩት። ወደ ምሥራቅ አደረጉት፤ ጋቢውን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቱርካ አይቀልድብኝም፤ ቀልዱ ይናፍቀኛል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰበቤን ልንገርዎ፤ ሰበብ እንደሆነም አውቃለሁ። እዚህ ሸጊቱ የምትባል የአርማጭሆ ሴት ጎረቤቴ ናት። የወንድሟን ነገር በስልክ ነገሯት። ገበያ መሃል ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ሽንኩርቱ ከእጇ ሳይወርድ ነገሯት፤ ሰው ሁሉ እያየ ወደቀች። የሚደግፋት፣ ወገቧን የሚያስራት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «መርዶ ጎህ ሳይቀድ ሦስት ሰው ሆኖ ከደጅ ተቁሞ ነው እንጂ እንዲህ ለውሻም አይነገርም» ብለው አለቀሱ። እኔም ለእናቴ እንዲህ አላደርግም ብዬ ማልኩ። ሦስት ሰው ከየት ላምጣ? ካህን ከየት? መንገዱ መቼ ይከፈት? እያልኩ ቀን ቆጠርኩ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለገና ይታያል በሩ ላይ ቆሞ «ምን ልበልልሽ?» ሲለኝ፣ ሦስት ሰው ስለሌለ ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም አላልኩም። «እንኳን አደረሰሽ ብሏል» አልኩት። ጋቢው በዚያን ሰዓት ከጓዳ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ምላሴ ለምዶ ነበር፣ እናቴ። ሌላ የምለው የለኝም። ከዚያ በፊት የላክኳቸውን ሰላምታዎች አምነው ነው እመጣለሁ ያሉት።

ይታያል «እመጣለሁ ብለዋል» ያለኝ እዚያው ነው፤ ሰላምታዬን ከተቀበለ በኋላ። ያኔ እጁን ይዤ ወደ ጓዳ አስገባሁትና ገመዱን አሳየሁት። ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። «እኔን የውሸት አህያ አደረግሽኝ» አለኝ። «እኒያ ሴትዮ እኮ እግሬን እያጠቡ ነው ቃልሽን የሚሰሙት። አርባው አለፈ። ሰማንያው አለፈ። አንድ ቄስ ስሙን አልጠራም። አንቺ እዚህ ዓሣ ትጠብሻለሽ።» ፍታቱን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ። እርስዎ በየእሑዱ ለጤናው ሲለምኑ የሚያስፈልገው ሌላ ጸሎት ነበር፤ ያንን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ይህን ይቅር ይበሉኝ ብዬ ለመለመን እንኳ አፍራለሁ።

በማግሥቱ ዘንጉን ወስጄ ለኢሀብ መለስኩ። ማታ ዋፋ ይዛው መጣች። ደጄ ላይ አስደግፋው «ይህ ወንዝ ዕዳ አለበት፤ ይክፈልሽ» ብላኝ ሄደች። ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ራበኝ። ዛሬም አጠምዳለሁ፤ ግን ከግንዱ ሥር ወዳለው ጥልቅ አልወረውርም፤ በጫማውም አላጠምድም። የተረፈውን የጫማ ቁራጭ ከድንጋዩ ክምር ሥር አኑሬዋለሁ።

ከእንግዲህ ለእርስዎ ምን እንደምሆን አላውቅም። የልጅ ልጅ አላሳየሁዎትም፤ በዚያም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣዎትም። በእኔና በእርስዎ መሃል የነበረው አንድ ሰው ነው። ሰዎች «ምራት የልጅ ጥላ ናት» ይላሉ። ጥላ ብቻዋን እንዴት እንደምትቆም አላውቅም። ደጅዎ እንድመጣ ከፈቀዱ ለጾመ ሁዳዴ መግቢያ እመጣለሁ፤ ካልፈቀዱም ቀድሞውንም የሚገባኝ ነው። ብቻ እርስዎ አይምጡ።

አሁን የምለውን በደንብ ያንብቡልኝ። ይህ ወረቀት የሚደርስዎት ዓርብ፣ ፀሐይ ሳለች ነው። ያን ቀን ሄለን መጥታ ከእርስዎ ዘንድ ታድራለች። «ለምን መጣሽ?» አይበሏት። እራት ብሉ። በሩን በገመድ አትሰሩት። ልማዱ ከመርዶው ሰዓት በፊት አንድ ቃል እንዳይነገር ነው የሚያዝዘው፤ እኔ ልማዱን በከፊል ጥሻለሁ፤ መርዶውን የሚነግሩዎት የሚመጡት ሰዎች ናቸው፤ የእኔን ውሸት ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግኩም። በማግሥቱ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ይታያል ከሁለት ሰዎች ጋር ይመጣል። አንዱ የነፍስ አባትዎ ናቸው። ሲያንኳኩ ይክፈቱላቸው። ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት ሄለንን ይደገፉ። እኔ እዚህ በዚያች ሰዓት ቁርቁራው ሥር ቆሜ እሆናለሁ፤ ዘንግ ሳልይዝ። የሚጠይቀኝ ካለ ይጠይቀኝ።

እግዚአብሔር ወገብዎን ያጽናው። የሄለንን ልጆች ለእርስዎ ያኑርልዎት። ልጅዎን በሰማይ ያለው አምላክ እንዲቀበልልን፣ በምድር ያለሁትን እኔን ደግሞ እንደ ፈቃዱ እንዲያደርገኝ እለምናለሁ።

ይታያል አንድ ጥቅል ይዟል። በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ በጥሩ ፀሐይ አስጥቼዋለሁ፤ የወንዙ ሽታ የለውም። ወገቡ ላይ የቋጠረውን ቋጠሮ ግን አልፈታሁትም፤ እጄ ያን ያህል አልደፈረም። ጥጡን የፈተሉት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይፍቱት።

እስከ ዛሬ በምልክልዎት ቃል ሁሉ መጨረሻ «ልጅዎ» እል ነበር። ዛሬ ይህን ለመጻፍ እጄ አፈረ።

ምራትዎ